ያለ ዕቅድ፣ ለብቻ፣ አንድ ቀን በባሕር ዳር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ያለ ዕቅድ ለሚውል እንግዳ የምትመች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፤ ዋና ዋና መንገዶቿ ሰፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ናቸው፤ ጥላ አይጠፋም። ለስብሰባ መጥቶ አንድ ቀን የተረፈው፣ በረራው ለነገ የተዛወረበት ወይም እንዲያው ልቡ አነሳስቶት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው እግሩ ወደመራው ቢሄድ የሚያየው አያጣም። አንድ ነገር ግን አለ፤ እርስዎ ፕሮግራም ባይኖርዎትም የጣና ሐይቅ ፕሮግራም አለው። ነፋስ የሚነሳበት፣ ጉማሬ ከውሃ የሚወጣበት፣ የመጨረሻው መኪና መነኸሪያውን የሚለቅበት ሰዓት አለ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሰዓት ሳያውቁ ከመውጣት የሚመጡ ናቸው።

ሐይቁን ለከሰዓት ማቆየት

የብዙ እንግዳ ቀን እንዲህ ይሄዳል፦ አረፋፍዶ መነሳት፣ ቁርስ፣ ቡና፣ ከተማውን ዞር ዞር ብሎ ማየት፣ ምሳ፤ ከዚያ «በል አሁን ደግሞ ጀልባ»። ስምንት ሰዓት ላይ ወደቡ ሲደርስ፣ ማለዳ እንደ መስታወት ተኝቶ የነበረው ውሃ ግራጫ ለብሶ፣ ጫፍ ጫፉ ነጭ አረፋ እየደፋ ይጠብቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሽቅብ ሲነሳ፣ ቦታውን ሊሞላ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለው አየር ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ስላለች ከሰሜን የሚነሳው ነፋስ ማዕበሉን እየነዳ የሚያመጣው ወደ እሷ ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ጀልባዋን ቀስ ብሎ አያነሳትም፣ ይደልቃታል። ከሰዓት በኋላ በትንሽ ጀልባ የተመለሰ ሰው ወገቡን ይዞ፣ ግማሽ ልብሱ ርሶ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀንዎን ይገልብጡት። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ወደቡ ላይ ይገኙ። በተለመደው ሞተር ጀልባ እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አይተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ነፋሱ ሳይበረታ ለምሳ ይመለሳሉ። በክረምትም ቢሆን ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ከሰዓትንና ሌሊትን ነው። ከተማው የትም አይሄድም፤ ለእግር ጉዞ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀትር ላይ አስፋልቱ ሲግል።

ጀልባ ለብቻ መኮናተር

ብቻውን የሚጓዝ ሰው በባሕር ዳር ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የጀልባ ዋጋ የሚቆረጠው በአብዛኛው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። አንድ ሰው ተሳፈረ ስምንት ሰው፣ ነዳጁ ያው ነው፣ የካፒቴኑም ቀን ያው ነው። ብቻዎን ቢከራዩ የስምንት ሰው ሂሳብ ይከፍላሉ።

መፍትሔው መቀላቀል ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በንግሥ በዓላት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ የመጡ ቤተሰቦች፣ ተማሪዎችና ማኅበርተኞች ጠዋት ወደቡን ይሞሉታል። ደላላ ከመያዝዎ በፊት ለተሰበሰበው ሰው በቀጥታ «ወደ ዘጌ ነው የምትሄዱት? ብቻዬን ነኝ፣ ሂሳቤን ልክፈልና ልቀላቀላችሁ» ማለት ነውር የለውም፤ እንዲያውም የጠየቁት የቤተሰቡን እናት ከሆነ ዳቦም ይተርፍዎታል። በአዘቦት ቀን ሰው ከጠፋ ያረፉበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በዋዜማው ማታ መጠየቅ ይሻላል። ወደ ዘጌ ለነዋሪው የሚሠራ የሕዝብ ጀልባም አለ፤ ዋጋው አይገናኝም። ነገር ግን የሚሠራው በነዋሪው ሰዓት ነው፤ ከመሳፈርዎ በፊት «ዛሬ ይመለሳል? በስንት ሰዓት?» ብለው ካልጠየቁ ሌሊቱን ዘጌ ሊያድሩ ይችላሉ።

ከመስማማትዎ በፊት አምስት ነገር አፍ አውጥተው ይጠይቁ፦ የትኞቹን ገዳማት እንደሚያደርስዎ በስም፣ በእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅዎ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ አስጎብኚ አብሮ ይሄድ እንደሆነና ክፍያው የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሳፈር። የገዳማቱ መግቢያ ብዙውን ጊዜ በጀልባው ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ በየገዳሙ ደጃፍ ለብቻው በደረሰኝ ይከፈላል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። ለዚህም ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖት ይያዙ፤ ደሴት ላይ ባለ 200 የሚዘረዝርልዎ መነኩሴ አያገኙም፣ በስልክ ለመክፈልም ኔትወርኩ እንደ ነፋሱ ነው።

ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ ይክፈሉ። የሕይወት አድን ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ ይልበሱት፣ ማሰሪያዎቹን ይሳቡ፣ ትከሻው ላይ ይዘው ሽቅብ ያንሱት። አገጭዎን አልፎ ከወጣ ሰፍቶዎታል፤ ሌላ ይለውጡ። ዘለበቱ የተሰበረ ጃኬት ትራስ ነው።

የትኛው ገዳም ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መሳፈር

ክብራን ገብርኤል እና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል፤ ሆኖም ለብቻዋ የመጣች ሴት «ቅርብ ነው፣ ቆንጆ ነው» ተብላ ክብራን ሄዳ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቅበት ጊዜ አለ። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴት መነኮሳት ያሉበት ስለሆነ ለሴትም ለወንድም ይሆናል። በከተማው አፍንጫ ሥር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያለችው ደብረ ማርያምም ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው ሰው የተመቸች ናት።

ዳጋ እስጢፋኖስንና በደቅ ደሴት ያለውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ግን ለድንገተኛ ቀን አይመኟቸው። የነገሥታት አፅም ያለበትን ዳጋን ማየት የማይፈልግ የለም፤ ጉዞው ግን በተለመደው ጀልባ ለአንድ መንገድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በ4 ሰዓት የተነሳ ሰው ሲመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁ መሐል ያገኘዋል።

ለአንድ ቀን እንግዳ ፍርዳችን ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ጫካው ውስጥ ያለው ቡና ነው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። እዚያ እርሻ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ትውፊቱ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከሳቸው በትር እንደበቀሉ ይነገራል። ሞፈር ሳይገባ በመኖሩ ነው ጫካው የቀረው። ከጀልባ ሲወርዱ አዝዋ ማርያም ቅርብ ናት፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ሃያ ደቂቃ ያህል ታስኬዳለች። መንገዱ ሥርና ድንጋይ የበዛበት ነው፤ በነጠላ ጫማ የሄደ ይቸገራል፤ ማሰሪያው የበዛ ጫማ ያደረገም በየደጁ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ዝም ብሎ የሚወልቅ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፤ ካልሲም ይልበሱ፤ ወለሉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ማንም አይነግርዎትም።

ውስጥ ሲገቡ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ሁሉንም ሥዕል በስልክ አንስቶ መውጣት ነው። ቤቱ ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሉ ያለው አራት ማዕዘን በሆነው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ዙሪያውን መዞር አለብዎት። ስልኩን ኪስ ከትተው መጀመሪያ ዓይን ይመልከቱ። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ሲመለከት ይሣላል፤ ክፉው፣ ገዳዩ፣ ከሃዲው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን አንዴ ካወቁ በኋላ አስጎብኚ ሳይነግርዎት ታሪኩን ከግድግዳው ላይ ማንበብ ይጀምራሉ። በላዔ ሰብእን ይፈልጉት፤ ሰው በላው፣ በጥርኝ ውሃ የዳነው። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ፍላሽ ግን በፍጹም፣ ቀለሙን ይጎዳል። ሴት ነጠላና ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ፣ ወንድም ረጅም ሱሪ ይዘው ይውጡ። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ጉብኝቱ ይቆማል፤ ቀሳውስቱን ማጣደፍ ሳይሆን ከዛፍ ሥር መጠበቅ ነው።

ጢስ ዓባይን «እግረ መንገዴን» ማለት

ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ጢስ ዓባይ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። የእግረ መንገድ ቦታ አይደለም፤ በትንሹ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ጠዋት ዘጌ፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ የሚል ሰው ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳል። አንዱን ይምረጡ።

ምርጫውን የሚወስነው ወሩ ነው። ውሃው ሲሞላ 400 ሜትር ስፋት ይዞ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ይህ ግን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ የሚያገኙት ገደሉ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሁለት ፈትል ውሃ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ድርቅ ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው በላይ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃም መውጫው ላይ በተሠራው በጨረጨራ ግድብ ይመጠናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ በስተምዕራብ የጣና በለስ ጣቢያ በዋሻ እየወሰደ ይጠቀማል። ስለዚህ በጥርና በመጋቢት የሚመጣ ሰው ከመሄዱ በፊት «አሁን ውሃ አለው?» ብሎ ሁለት ሰው ይጠይቅ፤ አንዱ መኪና የሚያከራይ፣ ሌላው ምንም የማይሸጥ ይሁን።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ከሆነ፣ ከመነኸሪያ ማለዳ ይነሳ። የሚመለሰው መኪና እንደ አዲስ አበባ ታክሲ እስከ ማታ አይመላለስም፤ ገና ሲወርዱ ረዳቱን «የመጨረሻው ወደ ባሕር ዳር በስንት ሰዓት ነው?» ይበሉት፤ ከነገረዎት ሰዓት ላይም አንድ ሰዓት ይቀንሱ። የመግቢያ ቲኬቱ የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ እንጂ ፏፏቴው አፍ ላይ አይደለም፤ ዝም ብሎ ወደ ፏፏቴው የወረደ ሰው ተመለስ ይባላል። በመንገዱ ላይ የሚሻገሩት በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ለብቻው መምጣት የሚገባው ነገር ነው፤ ሰው ግን ፏፏቴውን እያሰበ ሮጦ ያልፈዋል። በመልሱ ወንዙን በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲያይል ግን ጀልባው አይሠራም፤ በመጡበት ለመመለስ የሚበቃ ሰዓት ይተዉ።

በአሁኑ ወቅት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከከተማ ወጥተው ከመሄድዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ቀን ጠዋት ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። መታወቂያዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፣ ፎቶ ኮፒው ሳይሆን ዋናው። መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባሉ፣ ፏፏቴው የሚቀጥለው ክረምት ላይም አለ።

ባጃጅ ውስጥ ዝም ብሎ መግባት

ባዶ ባጃጅ ውስጥ ምንም ሳይሉ ገብተው «ጊዮርጊስ ጋ» ካሉ፣ ኮንትራት ይዘዋል ማለት ነው። ሹፌሩ አላታለለዎትም፤ እርስዎ አልተናገሩም። ከመግባትዎ በፊት «ወንድምዓለም፣ በሰው ነው በኮንትራት?» ይበሉ። በሰው ከሆነ በመስመሩ ላይ ሌላ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ሂሳቡም ትንሽ ነው፤ የመስመሩን ዋጋ አጠገብዎ ያለውን ተሳፋሪ ቢጠይቁ ይነግርዎታል። ዝርዝር ይያዙ።

ሌላው አድራሻ ነው። እዚህ ሰው የሚግባባው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በባንክ፣ በድሮው የቀበሌ ቁጥር። ያደሩበትን ሆቴል ስምና «ከምኑ ጀርባ» እንደሆነ ጠዋት ሲወጡ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ዳታ የሚቋረጥበት ጊዜ አለና ካርታውን ብቻ አይመኑ። ለእግረኛ አንድ ነገር ይበቃዋል፦ ሐይቁ ሰሜን ነው፣ ዓባይ ምሥራቅ ነው። ሐይቁን ፊት ለፊት አድርገው ሲቆሙ የጎንደር መንገድና የዓባይ ድልድይ በቀኝዎ ናቸው፣ አየር ማረፊያው በግራዎ።

ዓሣውን በስሙ አለማዘዝ

«ዓሣ አለ?» ብሎ የጠየቀ የመጣለትን ይበላል። የጣና ዓሣ ሦስት ዓይነት ነው ቢባል ለበይው ይበቃል። ቆሮሶ ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ ትልልቅና በቀላሉ የሚለይ ስለሆነ ለሙሉ ጥብስ የተፈጠረ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ግን ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ በየአቅጣጫው የተሰገሰገ አጥንት አለው፤ ስልክ እያዩ የሚበሉት አይደለም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ሥጋው ወፍራምና ቅባታም ነው፤ ለጉላሽ ይሆናል። ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ ምእመናን ስላሉ፣ እርስዎም ከነሱ አንዱ ከሆኑ ጉላሹ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ አይጉረሱ።

ሙሉ ጥብስ ካዘዙ ጥሬውን አሳዩኝ ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። ዓይኑ ጎላና ጠራ ያለ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ፣ ጎኑ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ ቡናማ የሆነ የትናንት ነው። ደህና አድርጎ የሚጠብስ ሰው በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ በሰያፍ ይተለትለዋል፤ ያኔ ነው ዘይቱ ገብቶ ውስጡ ሳይቀር የሚበስለው። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ በየቤቱ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በነዚያ ቀናት 6 ሰዓት ሳይሞላ ይቀመጡ። 7፡30 የመጣ ሰው የሚያገኘው ጭራ ነው።

ውሃው ዳር ላይ መዘናጋት

ሐይቁ ሲያዩት ይጠራል፤ እግር ማጥለቅ ያምራል። ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ የቢልሃርዚያ ተህዋስ የሚሸከሙ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። ተህዋሱ የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው፤ «አልጠጣሁም» ማለት አያድንም። ሳያስቡት ከረጠቡ ወዲያው በፎጣ አጥብቀው ይጥረጉ፤ ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ቢመጣ ለሐኪሙ ሐይቅ ውስጥ መግባትዎን ይንገሩት።

ጉማሬው ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ጆሮና አፍንጫው ብቻ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ አደገኛ የሚሆነው ያኔ፣ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በዓባይ ዳር ባለው የሣር መንገድ ላይ ለብቻዎ 11፡30 ካለፈ በኋላ አይሂዱ፤ አዲስ የተጋጠ ሣርና ሰፊ ባለ አራት ጣት ዱካ ካዩም ከዚያው ይመለሱ። ቁጥቋጦ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚያስደነግጠው ረጅም ፍጥረት ግን ብዙ ጊዜ አርጃኖ ነው፤ ካልነኩት ይሸሻል።

ታንኳ አይቶ ካሜራ መምዘዝ

ከደንገል የተሠራችው ታንኳ የጣና ምልክት ሆናለች፤ ሁሉም ሊያነሳት ይፈልጋል። ቀርበው ቢያይዋት ግን ከፎቶው የሚበልጥ ነገር አላት። የደንገሉ አገዳ ውስጡ ስፖንጅ መሰል ሆኖ አየር የያዘ ነው፤ አገዳው በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተቆልምሞ ይሰፋል። የሚያንሳፍፋት ቅርጿ ሳይሆን ያ አየር ነው። እየዋለች ስታድር አገዳው ውሃ ይጠጣል፣ ትከብዳለች፣ ትዘቅጣለች። ባለቤቷ ከሥራ በኋላ ዛፍ ላይ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ውሃው እንዲወርድና ፀሐይ እንዲያደርቃት ነው። ያቺን የቆመች ታንኳ «የተጣለች» መስሏቸው ሊቀመጡባት የሚሞክሩ አሉ።

ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ ዓሣ ወይም እንጨት ጭኖ እየቀዘፈ ነው። ሰላም ብለው፣ ጠይቀው፣ ከፈቀደ ያንሱ። በዚህ ሙያ የቆዩትን የሐይቁን ዳር ነዋሪዎች ነገደ ወይጦ ብለው ይጥሯቸው፤ ስሙን ቆርጦ መጥራት በብዙ ጆሮ ስድብ ነው። የሚሸጡትን ትንሿን የደንገል ታንኳ ወይም ቅርጫት መግዛት ከፎቶ ክፍያ ይሻላል፤ ለአሻንጉሊት የሚሆነው ደንገል በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ቤትዎ ገብቶ ይሻግታል፣ ሲገዙ አሽትተው ይግዙ።

ድልድይ፣ ጥበቃ የቆመበት ማንኛውም ቦታ፣ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ግቢ ደግሞ ሳይጠየቅ አይነሳም። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወንዙንና ከተማውን ማየት ደስ ይላል፤ ሌንሱን ወደ ውሃው ያዙሩት፣ ወደ ግቢው ጀርባዎን ይስጡ፣ መጀመሪያም ዘበኛውን ያነጋግሩ።

ሳይክል ሳይፈትሹ መከራየት

ሜዳ ከተማ ስለሆነች ሳይክል የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ነገር ነው፤ በሰዓት የሚያከራዩም አሉ። ከመክፈልዎ በፊት የፊቱን ፍሬን ብቻ ይዘው ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው ሳይዞር ከቆመ ደህና ነው፤ ከዞረ አይውሰዱት። የኋላውንም እንዲሁ። ካቴናውን በእጅዎ ወደ ታች ይጫኑ፤ ከሁለት ጣት በላይ ከረገበ መሐል መንገድ ይወልቃል። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው የእግርዎ ጫፍ መሬት መንካት አለበት። መታወቂያዎን ማስያዣ አይስጡ፤ ጥበቃ ቢጠይቅዎት የሚያሳዩት ያስፈልግዎታል። በገንዘብ ያስይዙ፣ የወሰዱበትንም ሰዓት ጽፎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ።

ማምሻውን ርቆ መገኘት

ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ብቻውን ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ወይ ሐይቁ ዳር ሰው ያለበት ቡና ቤት፣ ወይ ከሆቴሉ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ውስጥ ይሁን። የሰዓት ገደብ ሲኖር ባጃጆች ገደቡ ከመድረሱ በፊት ከመንገድ ይጠፋሉ፤ የቀረውም ዋጋውን እንደፈለገ ይጠራል። ሲወጡ ሆቴሉ ውስጥ «ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?» ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይነሱ።

የወባ ትንኝም የምትወጣው በዚሁ ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይበረታል። እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ካልሲ ከቀኑ ሙቀት አንጻር ሞኝነት ቢመስልም ቦርሳዎ ውስጥ ይኑሩ፤ አልጋው አጎበር ከሌለው ክፍል ሲይዙ ይጠይቁ።

የጠዋቱ ጀልባ አምልጦዎት፣ ሌላ ቀን ካደሩ፣ ማምሻውን ወደቡ ዳር ሲያልፉ ጀልባቸውን የሚያስሩትን ሰዎች ያነጋግሩ። ነገ ማን እንደሚነሳ፣ ስንት ሰው እንደያዘና አንድ ቦታ እንደቀረው የሚታወቀው ያኔ ነው።